ብሩሹ ፀጉራችንን ለምን ይበላል?

እህቶቼ፣ ብሩሽ ሲባል መጀመሪያ ሐሳባችሁ ላይ የሚመጣው የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ የምንፈትግበት ብሩሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ብሩሽ ነው። ፎቶ በስልክ ወይም በኮምፒውተር ስናስተካክል አንዱን ነገር ከሌላው ለመለየት በጣታችን ወይም በማውስ ስለምናስኬደው መምረጫ ብሩሽ ነው። ፊትሽን ብቻ ለማብራት፣ ከኋላሽ ያለውን የልብስ ማስጫ ገመድ ለማጥፋት፣ ራስሽን ቆርጠሽ ባሕር ዳር ለማቆም መጀመሪያ የምትነኪው እሱን ነው።

ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ተቀምጦ የተቸው ሰው ግን አላየሁም። እኛ እኮ ያልተቸነው ነገር የለም፤ ዘፈኑን እንተቻለን፣ ድራማውን እንተቻለን፣ የሰው ሰርግ ላይ የቀረበውን ዶሮ ወጥ ሳይቀር እንተቻለን። ፎቶ ላይ ስንደርስ ግን ወይ "ታምሪያለሽ" ነው፣ ወይ ዝም ብሎ ማለፍ ነው።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ብሩሹ ጎበዝ መሣሪያ ነው፤ እኛ ላይ ሲደርስ ግን ይሰንፋል። ለምን እንደሚሰንፍ ካወቅን ልናሠራው እንችላለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ትልቁ ጥያቄ ብሩሹን የያዘው ማነው የሚለው ነው።

ብሩሹ የሚያየው ምንድን ነው?

ፎቶሾፕ የሚባለውን ፕሮግራም የሠሩት ቶማስ ኖል እና ጆን ኖል የተባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። አዶቤ የተባለው ኩባንያ በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው። ከዚያ በፊት በማተሚያ ቤቶች ይህ ሥራ በምላጭ ነበር የሚሠራው፤ ቀይ ስስ ፕላስቲክ ፎቶው ላይ ይደረብና የማይፈለገው ክፍል ተቆርጦ ይነሳል። ዛሬም ፎቶሾፕ ውስጥ ፈጣን ማስክ የሚባለውን ስትከፍቺ ፎቶው ላይ ቀይ ነገር የሚጋረደው ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ ነው።

አሁን የምናውቀው ፈጣን መምረጫ ብሩሽ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። አሠራሩን ለማስረዳት ከምስር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ምስር ስትለቅሚ እያንዳንዷን ፍሬ አንስተሽ "አንቺ ምስር ነሽ ወይ?" አትያትም። ዓይንሽ በቀለምና በቅርጽ የተለየውን ይይዛል። ብሩሹም ሰው መሆንሽን አያውቅም። አንድ ቦታ ስትነኪው "ይህን የመሰለውን ሁሉ ሰብስብ" ብለሽ እንዳዘዝሽው ይቆጥራል፤ እየሰበሰበ ይሄድና ቀለሙ በድንገት የሚለወጥበት ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ጠርዙ ደካማ ከሆነ አይቆምም፤ እንደ ጀበና ገንፍሎ ይወጣል።

ለዚህ ነው ጥቁር ፀጉር ጥቁር ቡናማ በር ፊት ለፊት ተነስቶ ከሆነ ብሩሹ በሩንም አብሮ የሚወስደው። ለዚህ ነው ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲሆን ግማሹ የሚጠፋው። ጥፋቱ የፀጉርሽ አይደለም፣ የነጠላሽም አይደለም። ብሩሹ ልዩነት ይፈልጋል፤ ልዩነት ካልሰጠሽው ዕውር ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ለኮምፒውተሩ መመረጥ ማለት አዎ ወይም አይደለም ማለት ብቻ አይደለም። ከ0 እስከ 255 ደረጃ አለው። 255 ሙሉ በሙሉ ተመርጧል፣ 0 ጭራሽ አልተመረጠም፣ መሐል ያለው ደግሞ በከፊል ነው። ደረቅ ብሩሽ ሁለቱን ጫፎች ብቻ ይሰጥሻል ማለት ይቻላል። ለስላሳ ብሩሽ መሐሉን ይሰጥሻል። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚዞረው በዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ፀጉርና ነጠላ

በማኅበራችን የእሁድ ኮምፒውተር ትምህርት ላይ አንድ ሙከራ አድርገን ነበር። እኔና አንዲት የፊሊፒንስ ልጅ አብረን የተነሳነውን ፎቶ ከፈትን። ብሩሹ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ብርሃኑ አንድ። የሷ ፀጉር ቀጥ ያለ ነው፤ በአንድ ጭረት ትከሻዋ ድረስ ተመረጠ። የኔ ፀጉር ያን ቀን ተፈቶ ጎፈሬ ነበር። ብሩሹ መሐሉን ወሰደና ዳርዳሩን ተወው። ደግሜ ስነካው ከኋላዬ ያለውን ዛፍ ጨመረ። ዛፉን ልቀንስ ስል ፀጉሬን ቀነሰ። መጨረሻ ላይ ራሴ ላይ የድስት ክዳን የደፋሁ መሰልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ነገርዬው ሳቅ ብቻ አይደለም።

የጎፈሬ ጠርዝ መስመር አይደለም። ዳር ላይ ፀጉሩና ሰማዩ አንድ ነጥብ ውስጥ ተቀላቅለው ነው ያሉት። ስለዚህ ያ ነጥብ "በከፊል የተመረጠ" መሆን አለበት፤ ደረቅ ብሩሽ ግን ወይ ሙሉውን ይወስዳል ወይ ሙሉውን ይጥላል። ሹሩባም የራሱ ችግር አለው፤ ጫፉ ላይ በጉንጉኑና በጉንጉኑ መሐል ክፍተት አለ፤ ብሩሹ ክፍተቱን ደፍኖ ሹሩባውን አንድ ጥቁር ጨርቅ ያደርገዋል። የነጠላ ዘርፍም እንደዚሁ ነው። ጥለቱ ደማቅ ስለሆነ በደንብ ይመረጣል፤ ክሮቹ ግን ይላጫሉ። በዓል ላይ የምትለጥፉትን ፎቶ አስተውላችሁ እዩ፤ ስንቱ ነጠላ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል!

ታዲያ መሣሪያው ዘረኛ ነው? ይህን ጥያቄ አንዲት እህት ጠይቃኝ ነበር። ማሽን አይጠላም፣ አይወድም። ግን የሠራው ሰው አለው፤ ሲሠራ የሞከረበት ፎቶ አለው። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ኩባንያ ቀለም የሚስተካከልበት የመለኪያ ካርድ ለፎቶ ማጠቢያዎች ይልክ ነበር። ሸርሊ ካርድ ይባላል። ለብዙ ዓመታት ካርዱ ላይ የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የሷ ፊት ጥሩ ሆኖ ከወጣ ማሽኑ ደህና ነው ተብሎ ይወሰድ ነበር፤ ጠይም ሰው ከአጠገቧ ቢቆም ጥርሱና ዓይኑ ብቻ ቢታይ ማን ይጠይቃል? ኩባንያው ፊልሙን እንዲያሻሽል ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ደግሞ የቸኮሌትና የቤት ዕቃ ሻጮች "ቡናማው ቀለማችን በደንብ አይወጣም" ብለው ማማረራቸው ነው። ቸኮሌቱ ከኛ ቀድሞ ተሰማ ማለት ነው። ጉግል ጠይም ፊት በትክክል የሚያነሳ ነው ብሎ አንድ የስልክ ካሜራ ያስተዋወቀው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው፤ 10 ደረጃ ያለው የቆዳ ቀለም መለኪያ ያወጣው ደግሞ በ2022 ነው። ትናንትና ማለት ነው።

ስለዚህ የኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ብሩሹ ክፉ አይደለም፣ ሲሠለጥን ግን እኛ አልነበርንም። እስኪማር ድረስ ድክመቱን በእጃችን መሙላት አለብን።

እንዴት? መጀመሪያ ፎቶውን ስትነሺ አስቢበት። ፀጉርሽ ጥቁር ነው፤ ከኋላሽ ብርሃን ያለበት ነገር ይሁን፤ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ጥሩ ነው። ነጠላ ለብሰሽ ከሆነ ግን ተቃራኒውን፣ ጠቆር ያለ ነገር ፈልጊ። ሁለቱም ካሉሽ መካከለኛ ቀለም ያለው ግድግዳ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ገላሽንና ልብስሽን በደረቅ ብሩሽ ምረጪ፤ ፀጉርሽ ዳር ስትደርሺ አቁሚ። ዳሩን ጠርዝ ማጣሪያ በሚባለው ብሩሽ በቀስታ ተከተዪ፤ ይህ ብሩሽ የተቀላቀለውን ነጥብ በከፊል ይመርጣል። ሦስተኛ፣ የወጣ ፀጉር ሁሉ ይላጭ አትበዪ። ትንሽ መበታተን ነው ፎቶውን ሰው የሚያደርገው።

በአንድ ቁልፍ "ዋናውን ሰው ምረጥ" የሚለው ነገር በ2018 እ.ኤ.አ. ፎቶሾፕ ውስጥ ገብቷል፤ አሁን ስልኩ ሁሉ አለው። ፍጥነቱን አልክድም። ግን ዋናው ሰው ማን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከፊት ያለውን፣ ትልቅ ሆኖ የሚታየውን፣ ብርሃን ያረፈበትን ይወስዳል። እኛ ደግሞ በብዙ ፎቶ ላይ የምንቆመው ከኋላ ነው። ልጁን ይዘን፣ ትሪውን ይዘን፣ ጥላ ውስጥ። ቁልፉን ስትጫኚው ልጁን መርጦ አንቺን ይተውሻል። ብሩሹ ቀርፋፋ ቢሆንም የምወደው ለዚህ ነው፤ ዋናው ሰው ማን እንደሆነ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

ፊቷ ሌላ፣ አንገቷ ሌላ

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። እዚህ ስመጣ የላከኝ ኤጀንሲ ፋይሌ ላይ የለጠፈው ፎቶ የኔ ፎቶ ነው፣ ግን እኔ አይደለሁም። ፊቴን በብሩሽ መርጠው አብርተውታል። አንገቴን ረስተውታል። ማዳም ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ወረቀቱን አየች። ዕቃ አዝዞ ሌላ የመጣበት ሰው እንዴት እንደሚያይ ታውቃላችሁ።

እንደ ሥራ ካየነው ፎቶው ጥራት የለውም። ፊት ብቻውን አይኖርም፤ ጆሮ አለ፣ አንገት አለ፣ እጅ አለ። ፊቱ ላይ ያለው ብርሃን ከግራ እየመጣ ከሆነ አንገቱም ላይ ከግራ መምጣት አለበት። ብርሃንን ማስተካከልና ቀለምን መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጨለማ ኩሽና ውስጥ የተነሳ ፎቶ ላይ ፊትን መርጦ ትንሽ ማብራት ዓይንሽ እንዲታይ ያደርጋል፤ ይህ ጥሩ ሥራ ነው። ጠይሙን ቢጫ ማድረግ ግን ብርሃን ሳይሆን ውሸት ነው። ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ፦ ጥላው ጠፍቷል ወይ? አፍንጫሽ አጠገብ ያለው ጥላ ከጠፋ ብርሃን አልጨመርሽም፤ ፊትሽን ደፍነሽዋል።

ኤጀንሲው ያደረገውን እኛም በራሳችን ላይ እናደርገዋለን፤ ለዚያ ነው የምጽፈው። ድሮ ፎቶ አይነካም ነበር ለማለት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ የፎቶ ሙያን ካስፋፉት መካከል አርመኖች አሉበት፤ በድሮስ ቦያጂያን የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰዋል። በዚያ ዘመን ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቩን በእርሳስና በቀጭን ብሩሽ ያስተካክሉ ነበር፤ ጠባሳ ይሸፈናል፣ ጥቁርና ነጩ ፎቶ በእጅ ቀለም ይቀባል። ማስተካከል የሙያው አካል ነው። የዛሬውን ፒክስአርትንም በ2011 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት አርመኖች ናቸው። ቡርጅ ሃሙድ ስትሄዱ ሰላም በሏቸው!

ቀለም ፊት ላይ ማዋል ራሱ ነውር አይደለም። አዲስ ፎቶ ፌስትን በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህ የምታነሳቸው ሴቶች ፊታቸው ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ቀይ ሆኖ ታያላችሁ። ፎቶው ከመነሳቱ በፊት እውነተኛ ቀለም እውነተኛ ፊት ላይ ተቀብቶ ነው። ማንም አይታለልም፤ ቀለሙ ቀለም መሆኑ ይታያል። እዚያ ሴትየዋ ትጎላለች። በኤጀንሲው ብሩሽ ግን ሴትየዋ ትቀንሳለች።

ራውሼ ያልሄደችው

አንድ ዓይነት ፎቶ አለ ሁላችሁም የምታውቁት። ልጅቷ የራውሼ ድንጋይ ፊት ቆማለች። ባሕሩ ሰማያዊ ነው። ፀሐይዋ ከባሕሩ በኩል ነው ያለችው፤ ልጅቷ ፊት ላይ ያለው ብርሃን ግን ከላይ፣ ከኩሽና አምፖል ነው። እግሯ መሬት አይነካም፤ ጥላ የላትም። ጫማዋ የቤት ነጠላ ጫማ ነው። ስልክ ከተሰጣት ሁለት ወሯ ነው፣ እሁድ መውጣት ግን አልተፈቀደላትም።

እንደ ተቺ ስህተቱን መናገር ቀላል ነው። ጥላ ጨምሪ፣ ብርሃኑን ከባሕሩ ጋር አስማሚ፣ ጠርዝሽን አንድ ነጥብ ያህል ወደ ውስጥ ግፊው፣ የድሮው ግድግዳ ቀለም ዳርሽ ላይ እንዳይቀር። ይህን ሁሉ ብታደርግ ፎቶው ያምናል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። በደንብ የተሠራው ከተበላሸው የባሰ አደገኛ ነው።

ለምን? ፎቶውን እናት ብቻ አታየውም። እናት አይታ ብታርፍ ደስ ይለኛል፤ ማን እናቱን ማስጨነቅ ይፈልጋል? ታናሽ እህትም ታየዋለች። አሥረኛ ክፍል ያለችው፣ ፈተናው የከበዳት። መንግሥታችን በ2013 እ.ኤ.አ. ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለቤት ሥራ መሄድን አግዶ ነበር፤ እገዳው እስከ 2018 ቆየ። በነዚያ ዓመታትም ሰው መጥቷል። ሕግ ያላስቆመውን ጉዞ ምክር አያስቆመውም። የሚያስጀምረው ግን አንዳንዴ አንድ ፎቶ ነው። ደላላው ስለ ቤይሩት የሚናገረውን ማንም ላያምን ይችላል፤ እህቷ ራውሼ ቆማ ካየች ግን ምን ይጠረጠራል?

ልጅቷን አልወቅሳትም። አራት ግድግዳ መሐል ሆና ራሷን ባሕር ዳር ማቆሟ መሸነፍ ብቻ አይደለም፤ "እዚህ መሆን ነበረብኝ" ማለትም ነው። ይህን እንደ ሥዕል ብታየው፣ ለኛም እንደ ሥዕል ብታሳየን፣ በጣም የሚያምር ሥራ ነው። ችግሩ እንደ ማስረጃ ሲላክ ነው። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ባክግራውንዱን ቀይሪ፣ ግን አንድ እውነት ፎቶው ውስጥ ተዪ። ለምሳሌ እጅሽን። ክሎሮክስ የላጠውን ጣት በብሩሽ አታለስልሺው። ለታናሽሽም በቃልሽ ንገሪያት፤ "ይሄ ባሕር አፕ ነው፣ ይሄ እጅ ግን የኔ ነው" በያት።

የቀረችው እጅ

ካየኋቸው የብሩሽ ሥራዎች ሁሉ በጥራት አንደኛው አንድ የምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ በፍሬም የተሰቀለ ነው። የልጁ የመጀመሪያ ቁርባን ቀን የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው። ሲነሳ እኔ ነበርኩ፤ ልጁ ስለፈራ ከኋላው ሆኜ ትከሻውን ይዤው ነበር። ሲታተም የለሁም። የሠራው ባለሙያ የተማረ ነው። የቆምኩበትን ቦታ በመጋረጃ ሞልቶታል፤ የመጋረጃው እጥፋት ሳይቀር ተቀጥሏል። ያሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው። የልጁ ትከሻ ላይ አራት ጣት ቀርቷል። ነጭ ልብስ ላይ ጠይም ጣት።

ማንም አላስተዋለውም፤ ወይም ዝም ብለዋል። ብሩሹ ለምን እንደሳተው እኔ አውቃለሁ፤ ጣቴ የልጁ ቅርጽ ውስጥ ነበር፣ ከውጭ ጠርዝ እንጂ ከውስጥ ጠርዝ አይፈለግም። አንዳንዴ አቧራ ስጠርግ ቆም ብዬ አየዋለሁ። እንደ ሥራ ስህተት ነው። እንደ ታሪክ ግን ከዚያ ፎቶ ውስጥ እውነቱን የሚናገረው እሱ ብቻ ነው።

ሊባኖስ ውስጥ ከዚህ የሚመሳሰል የድሮ ታሪክ አለ። ሳይዳ ከተማ ውስጥ ሐሺም ኤል ማዳኒ የሚባል ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ስቱዲዮ ሸህረዛድ የሚባል ፎቶ ቤት ከፍቶ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። በ1997 እ.ኤ.አ. ቤይሩት ውስጥ የተቋቋመውን የአረብ ምስል ፋውንዴሽን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው አርቲስት አክረም ዘዓተሪ የማዳኒን ፎቶዎች ሰብስቦ ለዓለም አሳይቷል። ከነሱ ውስጥ ፊቷ በመርፌ የተጫጫረ የአንዲት ሴት ኔጋቲቭ አለ። ባልዋ ሳያውቅ መነሳቷን ሲሰማ ተቆጥቶ መጣ፤ ኔጋቲቩን ስጠኝ አለ። ማዳኒ ሌሎች ሰዎች ያሉበት ጥቅል ስለሆነ አልሰጥም አለና በመርፌ ለመጫር ተስማማ። ከዓመታት በኋላ ሴትየዋ ራሷን አጠፋች። ባልየው ተመልሶ መጣና ፎቶዋን አሳድገህ አትምልኝ ብሎ ጠየቀ።

ይህን ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣም። መርፌውም ብሩሽ ነው። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ ባልየው ተናገረ፣ ፎቶ አንሺው ተናገረ፤ ፊቷ የሆነው ሴት ግን አልተጠየቀችም። ስለ ማንኛውም የተስተካከለ ፎቶ የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው፦ ያለችበት ሰው ተጠይቃለች ወይ?

ለማሳየት ለስላሳ፣ ለመደበቅ ደረቅ

የመጨረሻው ክፍል ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ መጥፎ ብሩሽ ሰው ያስይዛል።

በሚያዝያ 2020 እ.ኤ.አ. እዚህ አገር አንድ ሰው ናይጄሪያዊት ሠራተኛን በ1000 ዶላር ለመሸጥ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ የፓስፖርቷን ምስል ጭምር ለጥፎ። ሰውየው ታሰረ፤ ምስሉ ግን ከሱ ቀድሞ ዓለምን ዞሯል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ማዳሞች ሠራተኞቻቸውን ከፉርን ኤል ሸባክ ብዙ በማይርቀው ሐዝሚዬ ያለው ቆንስላችን በር ላይ እያወረዱ ሲሄዱ፣ ሻንጣቸው ላይ የተቀመጡ እህቶቻችን ፊት በየስልኩ ገባ። ፎቶው መነሳቱ ጥሩ ነበር፤ ባይነሳ ማንም አያምነንም ነበር። ግን ስንቷ ናት ፊቷ እንዲታይ የፈቀደችው? ቤተሰቧ "ደህና ነኝ" ብላ የነገረቻቸው፣ በቴሌቪዥን አይተው ያወቁ ስንት ናቸው?

ስለዚህ ፊት መደበቅ መቻል አለብን፤ በትክክል። ብዙዎቻችን የምናደርገው ማደብዘዝ ነው፤ ፊቱን በለስላሳ ብሩሽ እንመርጥና እናደበዝዘዋለን። ይህ ደካማ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኢንተርፖል አንድ ወንጀለኛ እንደ አዙሪት አጣምሞ የደበቀውን የራሱን ፊት ባለሙያዎች ጠምዝዘው መልሰውለት ሰውየው ተይዟል። እዚያ ለበጎ ነበር፤ መንገዱ ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በ2016 ደግሞ አሜሪካ ያሉ ተመራማሪዎች ኮምፒውተር የደበዘዘና በካሬ በካሬ የተሸፈነ ፊትን ማንነት ሊለይ እንደሚችል አሳይተዋል። ማደብዘዝ መረጃውን ያዛባዋል እንጂ አያጠፋውም።

አንዳንዷ ደግሞ በስልኳ ማድመቂያ እስክሪብቶ የኢቃማ ቁጥሯን ትቀባዋለች። ያ ቀለም ብርሃን ያሳልፋል፤ ሌላ ሰው ፎቶውን ቢያበራው ቁጥሩ ከሥር ይነበባል። መቁረጥም ሁልጊዜ አያድንም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. በአንዳንድ የጉግል ስልኮች ላይ ተቆርጦ የተጣለው የፎቶ ክፍል ፋይሉ ውስጥ ተደብቆ ይቀር እንደነበረ ታውቋል።

እንዲህ አድርጊ። ብሩሹን ደረቅ አድርጊው፤ ጥንካሬውና ድፍነቱ 100 ይሁን። ቀለሙ አንድ ወጥ ጥቁር ይሁን። ከፊቱ አስፍተሽ ምረጪ፤ ፀጉሩ፣ ጆሮው፣ አንገት ላይ ያለ ንቅሳት፣ ግንባር ላይ ያለ መስቀል፣ ጣት ላይ ያለ ቀለበት ሁሉ ሰው ያሳውቃል። ከኋላ ያለውን መስኮት አትርሺ፤ ከመስኮቱ የሚታየው ሱቅ አድራሻ ነው። ሲያልቅ ሌየሮቹን አዋህደሽ እንደ አዲስ ፎቶ አስቀምጪ፤ ከዚያ ስክሪንሾት አንስተሽ የምትልኪው ስክሪንሾቱን ይሁን። ስክሪንሾቱ ከሥሩ ሌየር የለውም፣ ዋናው ፎቶ ውስጥ የተመዘገበውን የተነሳበትን ቦታም አይዝም። ዋናውን ለማንም አትላኪ፤ ክስ ሲመጣ ማስረጃ ስለሆነ አታጥፊውም።

አያችሁ፣ ሥራው ተገለበጠ። ፀጉርሽን ለማሳየት ብሩሹ ለስላሳ፣ ታጋሽ፣ በከፊል የሚመርጥ መሆን አለበት። እህትሽን ለመደበቅ ደግሞ ደረቅና ጨካኝ መሆን አለበት። እኛ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ፀጉራችንን በደረቁ እንላጫለን፣ ፊታችንን በለስላሳው እንደብቃለን።

በምን እንሥራ?

ገንዘብ የሚያስወጣውን አልመክርም። ፎቶፒያ የሚባለው በኢንተርኔት ገጽ ላይ በነፃ የሚከፈት ነው፤ ከፎቶሾፕ ጋር በጣም ይመሳሰላል፣ ፈጣን መምረጫውም ጠርዝ ማጣሪያውም አለው። ጂምፕ ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ከተጫነ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ለመልመድ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ስናፕሲድ ስልክ ላይ ብርሃን በብሩሽ ለመጨመር ጥሩ ነው፣ ለመቁረጥ ግን አይሆንም። ፒክስአርት ለመቁረጥ ቀላል ነው፤ ፀጉር ላይ ግን መጀመሪያ የመረጠልሽን አትመኚው፣ አጉልተሽ ዳሩን ራስሽ ጨርሺው። ጄኔሬተሩ ከመጥፋቱ በፊት ሥራሽን ማስቀመጥ አትርሺ፤ ይህን ማንም መጽሐፍ አይነግርሽም፣ የኛ ሰፈር መብራት ግን ያስተምርሻል።

ከእንግዲህ የአንዷን ፎቶ ስናይ "ታምሪያለሽ" ብለን አንለፍ። ጠርዙን እንይ፣ ጥላውን እንይ፣ አንገቱን እንይ። ከኋላ የቆመችው ሴት አለች ወይ ብለን እንይ። ከሌለች እጇን እንፈልግ።